«እስኪ ድገመው» እስከ መቼ?

ማታ ኮዱን አስገብተን እንተኛለን፤ ጠዋት የሙከራውን ውጤት ስንከፍት ቀይ ነው። ቀይ መሆኑ በራሱ አያሳዝንም፤ ሙከራ የሚደረገው ስሕተት እንዲታይ ነውና። የሚያሳዝነው ከዚያ ቀጥሎ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። «ፕሮግራሙ ምን አጠፋ?» አንልም። «ደግሞ የትኛው ሽቦ ወለቀ? የትኛው ቦርድ ደነዘዘ? የትኛው ፖርት ስሙን ቀየረ?» ነው የምንለው። ከመካከላችን አንዱ «እስኪ ድገመው» ይላል። ይደገማል፤ አረንጓዴ ይሆናል። ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ሌሊት ለምን ቀይ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይባስ ብሎ ማወቅ የሚፈልግም የለም። በማይክሮኮንትሮለር የምንሠራ ሰዎች፣ አዲስ አበባም ሆንን ሌላ አገር፣ ይህን እሮሮ በሆዳችን ይዘን ብዙ ዘመን ገፍተናል። ዛሬ አውጥቼ ልናገረው።

ሥራው ለራቃቸው አንባቢዎች ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ግድግዳችን ላይ ያለው የካርድ ቆጣሪ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት እየለካ ወደ ደም ሥር የሚልከው ፓምፕ፣ የመኪናው ፍሬን፣ ሁሉም በውስጣቸው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ማይክሮኮንትሮለር የምንላት እሷን ነው። በውስጧ የሚጻፈው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ቢበላሽ በማግሥቱ አዲስ እትም ይወርድለታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ሞተር ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ሰው ኮዱን በነካ ቁጥር አንድ ሌላ ኮምፒውተር አዲሱን ፕሮግራም በእውነተኛ ቦርድ ላይ ይጭናል፤ ቦርዱን ያስነሣል፤ በእግሮቹ በኩል ምልክት ይሰጠዋል፤ መልሱን ያነባል፤ ከሚጠበቀው ጋር አመሳክሮ አለፈ ወይም ወደቀ ይላል። የሰው እጅ ሳይገባበት፣ ሌሊትም ቀንም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በሐሳቡ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ይህን ያህል የሚያስፈልገንን ነገር በያዝንበት አያያዝ ላይ ነው።

«በቦርድ ከምትደክሙ ቺፑን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው በሲሙሌተር ለምን አትሞክሩትም?» የሚሉን አሉ። እንሞክረዋለን። ኪውኢሙና ሬኖድ የተባሉት ሲሙሌተሮች ብዙ የሎጂክ ስሕተት ይይዙልናል፤ ፈጣኖች ናቸው፤ የሚወልቅ ሽቦም የላቸውም። ነገር ግን ሲሙሌተር የሚያውቀው የቺፑ ሰነድ የነገረውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣውን የራስፕቤሪ ፓይ አርፒ2350 ቺፕ እንውሰድ። በመጀመሪያው እትሙ፣ ለግብዓት የተመደበ እግር በቺፑ የውስጥ ሬዚስተር ወደ ዜሮ መሳብ ሲገባው 2.2 ቮልት ገደማ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። አምራቹ ራሱ በስሕተት መዝገቡ ውስጥ ኢ9 የሚል ቁጥር ሰጥቶ አስፍሮታል፤ ከውጭ 8.2 ኪሎኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ሬዚስተር እንዲጨመርም መክሯል። ቺፑ ሲወጣ በሰነዱ ያልነበረ ጠባይ በሲሙሌተርም ውስጥ ሊኖር አይችልም። በቦርድ ላይ የሞከረ ሰው ግን ያገኘዋል። ከቦርዱ ማምለጥ የለም ማለት ነው። ማምለጥ ካልተቻለ ደግሞ ጣጣውን አንድ በአንድ እንቁጠረው።

መጀመሪያ የስም ነገር። ብዙ ቦርዶችን ከአንድ የሊነክስ ኮምፒውተር ጋር ስናገናኝ፣ ሲስተሙ ቀድሞ ለታየው ዩኤስቢ 0፣ ለቀጣዩ ዩኤስቢ 1 እያለ ስም ያድላል። ስሙ የቦርዱ ሳይሆን የተራው ነው። አንዱ ቦርድ ለቅጽበት ተቋርጦ ከተመለሰ ተራው ይዛባል፤ ትናንት የሙቀት መለኪያው የያዘውን ስም ዛሬ የሞተር መቆጣጠሪያው ይዞት ይገኛል። ለአንዱ የተሠራው ፕሮግራም በሌላው ላይ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውጤት ምንም ትርጉም የለውም። «በመለያ ቁጥራቸው ያዟቸው» ይባላል። በርካሽ ቦርዶች ላይ የምናገኘው ሲኤች340 የሲሪያል ቺፕ ግን በአብዛኛው መለያ ቁጥር የለውም። ሲፒ2102 አለው፤ ቦርድ ሠሪው ካልቀየረው በስተቀር የሁሉም ቁጥር 0001 ነው። የሚቀረን ቦርዱ የተሰካበትን ቀዳዳ መለያ ማድረግ ነው። ይህም የሚሠራው ማንም ሰው ኬብል እስካልነካ ድረስ ነው። አንድ ባልደረባ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ አንዱን ነቅሎ ሌላ ቀዳዳ ላይ ከመለሰው ሥርዓቱ በሙሉ ይፈርሳል።

እኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የመብራት ነገር ይጨመርበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ቦርድ በአንድ ጊዜ ይነቃል፤ ቀድሞ የመለሰ ቀድሞ ስም ይወስዳል። ፕሮግራም እየተጫነበት የነበረ ቦርድ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ሙከራውን የሚመራው ኮምፒውተር በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ራስፕቤሪ ፓይ ከሆነ፣ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራቱ ከሄደ ካርዱ ሊበላሽና ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ዩፒኤስ ሲጠየቅ «ለሰርቨሩ አለ» ይባላል። ሰርቨሩ ኮዱን ይዞ ይተርፋል፤ ኮዱ ልክ መሆኑን የሚነግረን፣ ቦርዶቹ የተደረደሩበት የሙከራ ጠረጴዛ ግን በጨለማ ይቀመጣል።

ኬብሉስ? ስንቱ ኬብል ነው የኃይል ሽቦ ብቻ ኖሮት የመረጃ ሽቦ የሌለው! ከውጭ ሲታይ ከደህናው አይለይም። ቦርዱ መብራቱን ያበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ሰው ቦርዱን ይለውጣል፤ ድራይቨር ያራግፍና መልሶ ይጭናል፤ ሲስተም ያድሳል፤ ግማሽ ቀኑ ያልቃል፤ ጥፋቱ የኬብሉ ነበር። ከኬብሉ ቀጥሎ አንዱን ፖርት ለብዙ ቦርዶች የሚያከፋፍለው ሀብ አለ። የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው ሀብ በዩኤስቢ ደንብ መሠረት ለየፖርቱ 100 ሚሊአምፒር ብቻ ነው ቃል የሚገባው። ኢኤስፒ32 ቦርድ ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊአምፒር ይጠይቃል። ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቺፑ ኃይል አነሰኝ ብሎ ራሱን እንደገና ያስነሣል። የሙከራው መዝገብ ላይ የሚታየው ግን «ፕሮግራሙ መልስ አልሰጠም» የሚል ቃል ነው። ፕሮግራም ጻፊው በኮዱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይቆፍራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው፤ ችግሩ ሀቡ ላይ፣ ፍለጋው ኮዱ ላይ።

ቦርዱን አጥፍቶ ማብራትም እንደሚባለው ቀላል አይደለም። በትእዛዝ የየፖርቱን ኃይል እናጠፋለን የሚሉ ሀቦች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ብዙዎቹ ትእዛዙን ይቀበላሉ፤ ጠፍቷል ብለውም ይመልሳሉ፤ 5 ቮልቱ ግን ሽቦው ላይ እንዳለ ነው። ኃይሉ በእውነት ቢጠፋ እንኳ፣ ቦርዱ ከሌላ መሣሪያ ጋር በሲሪያል ሽቦ ከተገናኘ ኃይል በዚያ በኩል ሾልኮ በእግሩ መከላከያ ዳዮድ ወደ ቺፑ ይገባል። ቺፑ በደንብ አይሞትም፤ በደንብም አይኖርም። ሜሞሪው ውስጥ የትናንቱ ቅሪት እንዳለ አዲሱ ሙከራ ይጀመራል። «ከዜሮ ተነሣ» ያልነው መሣሪያ ከዜሮ አልተነሣም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ያስለቀሰው ማይክሮኮንትሮለሩን ከሴንሰሮች ጋር የሚያገናኘው የአይስኩዌርሲ ሽቦ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ከሴንሰር ቁጥር እያነበበ ሳለ ሙከራው ሪሴት ያደርገዋል እንበል። ማይክሮኮንትሮለሩ አዲስ ሆኖ ይነሣል፤ ሴንሰሩ ግን ሪሴት አልተደረገም። ሴንሰሩ የጀመረውን ቁጥር ለመጨረስ የሰዓት ምት እየጠበቀ የመረጃውን ሽቦ ወደ ዜሮ ጎትቶ ይዞታል። ቀጣዩ ሙከራ ሽቦው ተይዞ ስላገኘው ይወድቃል፤ ከእሱ በኋላ ያሉትም ተከታትለው ይወድቃሉ። ጥፋተኛ መስሎ የሚታየው መጀመሪያ የወደቀው ሙከራ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከእሱ በፊት ከነበረው፣ አለፈ ከተባለው ነው የመጣው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሽቦው እስኪለቀቅ እስከ 9 የሚደርስ የሰዓት ምት መስጠት፣ ወይም የሴንሰሩንም ኃይል አብሮ ማጥፋት። ነገር ግን የሴንሰሩን ኃይል ለብቻው የሚያጠፋ ትራንዚስተር በቦርዱ ላይ ያኖረ ዲዛይነር ስንት ነው?

ስለ ቦርድ ዲዛይን ካነሣሁ አይቀር፣ የአዝራሩን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ቦርዱ ላይ ፕሮግራም ለመጫን አንዱን አዝራር ይዞ ሌላውን መጫን የሚጠይቅ መሣሪያ ዛሬም ይሠራል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አዝራሩን ማን ይጫነው? ሪሴት እግሩን ወደ ማገናኛው ያላወጣ ቦርድም እንዲሁ ነው። በሙከራ ላይ ያለው ፕሮግራም ስሕተት ኖሮት ዲበገሩ (ቺፑን ከውጭ የሚመረምረው መሣሪያ) የሚገባባቸውን እግሮች ለሌላ ሥራ ቢያውላቸው፣ ወይም ቺፑን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ቢከተው፣ ዲበገሩ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ሊደርስበት አይችልም። የሚደርስበት አንድ መንገድ ሪሴቱን ይዞ እያለ መግባት ነው፤ ለዚያም ሪሴት ሽቦው ያስፈልጋል። አንዲት ተጨማሪ የመዳብ መስመር ቀርታ፣ አንድ የተበላሸ ኮድ ሙሉ ጠረጴዛ ያቆማል። ሰው መጥቶ በእጁ እስኪያስነሣው ድረስ የሁሉም ሰው ሥራ ይሰለፋል።

መልእክት ለማንበብ የሲሪያል ፖርቱን መክፈትም ጦሱ ብዙ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ፖርቱ ሲከፈት በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ቺፑ ሪሴት ይደረጋል፤ ኢኤስፒ32 ቦርዶችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ምቾት ነው። በራሱ ለሚሄድ ሙከራ ግን መዝገብ ለማንበብ መሞከር የሚነበበውን መሣሪያ መቀስቀስ ይሆናል፤ ቦርዱ ሌሊት ስለምን እንደተንጠለጠለ ለማየት ስንከፍተው ማስረጃው በእጃችን ይጠፋል። ሙከራው ፖርቱን ዘግይቶ ካዳመጠ ደግሞ ቦርዱ ሲነሣ የጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ያመልጣሉ። የምንፈልገው ብዙውን ጊዜ እነሱን ነው።

ቦርዱ ያረጃል የሚለውንም ሰው ይረሳዋል። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤትሜጋ328ፒም ሆነ በየቦታው የምናገኘው ኤስቲኤም32ኤፍ103፣ የፍላሽ ሜሞሪያቸው በሰነዱ የተሰጠው ዋስትና 10,000 ጊዜ ለመጻፍ ነው። በጠረጴዛ ላይ በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ዕድሜ ልክ ይበቃል። በቀን 60 ጊዜ ለሚጽፍ የሙከራ ጠረጴዛ ግን ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ቺፑ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋስትናው ግን አብቅቷል። የሆነ ቀን አንዲት ቢት አልጻፍም ትላለች፤ ያን ጊዜ የወደቀው ሙከራ የማን ጥፋት ነው? ቦርዱ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚመዘግብ የሙከራ ጠረጴዛ ግን እምብዛም አይገኝም።

የሐሰት ቺፕ ነገርስ? ሰማያዊዋ የኤስቲኤም32 ቦርድ፣ «ብሉ ፒል» የምትባለው፣ በዝቅተኛ ዋጋዋ በተማሪም በሠራተኛም እጅ ገብታለች። ላይዋ ላይ ኤስቲኤም32 ተብሎ ተጽፎ ውስጧ የሌላ አምራች ቺፕ ያለባት ብዙ ናት። ኦፕንኦሲዲ በተባለው ፕሮግራም ሲገናኟት የመለያ ቁጥሯ በ1 መጀመር ሲገባው በ2 ይጀምራል፤ ፕሮግራሙም አላውቃትም ብሎ ይቆማል። ሰው ቁጥሩን አስተካክሎ ያልፋታል። ከዚያ አንዱ ሙከራ በእሷ ላይ ይወድቃል፤ በጓደኛዋ ላይ ያልፋል፤ ምክንያቱም የሁለቱ የውስጥ አሠራር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኤፍቲዲአይ የተባለው የሲሪያል ቺፕ አምራች በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል ባሰራጨው ድራይቨር የሐሰት ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀይሮ ከሥራ አውጥቷቸው ነበር። ቺፑ ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ ቦርድ የገዛ ሰው አንድ ጠዋት ተነሥቶ መሣሪያው በኮምፒውተሩ የማይታወቅ ሆኖበታል። በውጭ ምንዛሬ አስመጥተን፣ ሳምንታት ጠብቀን ለምናገኘው ለእኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ጊዜ የሚፈልጉ ስሕተቶችም አሉ፤ እነሱን የሚጠብቅ ትዕግሥት ግን የለም። የአለቆች ጥያቄ «ውጤቱ በአሥር ደቂቃ ይምጣ» ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው በ49.7 ቀን ነው። በአሥር ደቂቃ ሙከራ ይህ መቼ ይታያል? እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ሳይጠፉ 248 ቀን ከሠሩ የውስጥ ቆጣሪያቸው ሞልቶ አውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊያጣ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ አረቢያ ዳህራን ላይ የፓትሪዮት መከላከያ 100 ሰዓት ገደማ ሳይጠፋ ቆይቶ ስለነበር የሰዓት አቆጣጠሩ በ0.34 ሰከንድ ተዛብቶ የመጣውን ሚሳይል ሳያገኘው ቀረ፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመያዝ ሁልጊዜ ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች የጊዜ ቆጣሪያቸውን ሆን ብለው ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያስጀምሩታል፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ በአምስተኛው ደቂቃ ቆጣሪው ይሞላል፤ በዚህ የሚሰናከል ኮድ ወዲያው ይጋለጣል። እንዲህ ያለ ዘዴ በየሙከራችን ውስጥ ለማስገባት የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። ያችን ቀን የሚሰጠን ግን የለም።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም ልምጣ። ይህ ሁሉ ኬብል፣ ሀብ፣ ስምና መብራት ተደምሮ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት የሰዓት ብክነት አይደለም፤ እምነት ማጥፋት ነው። ሒሳቡን እንመልከተው። አንድ ሙከራ ያለ ፕሮግራሙ ጥፋት ከ100 ጊዜ አንዴ ብቻ ይወድቃል እንበል። ደህና ይመስላል። በየሌሊቱ 100 እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ቢሄዱ ግን ሁሉም አብረው የሚያልፉበት ዕድል 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ100 ሌሊቶች በ63ቱ ጠዋት ቀይ እናያለን ማለት ነው፤ ኮዱ ምንም ሳይሆን። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ራሱ ሲናገር ከሙከራዎቹ 16 በመቶ የሚጠጉት አንዳንዴ ማለፍ አንዳንዴ መውደቅ እንደሚታይባቸው ገልጿል። የጉግል ሙከራዎች በአብዛኛው ሶፍትዌር በሶፍትዌር የሚፈትኑ ናቸው፤ የእኛ ላይ ሽቦና ቮልቴጅ፣ ብየዳና ሙቀት ይጨመራል። ሰው በየጠዋቱ ቀይ እያየ፣ በድጋሚው አረንጓዴ እያገኘ ከሰነበተ፣ ለቀይ ምልክት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይማራል። ያን ቀን ጠረጴዛው ሞቷል፤ መብራቱ ቢበራም ሞቷል። እውነተኛው ስሕተት ሲመጣ የሚመጣው በዚያው ቀይ ነው፤ በዚያው «እስኪ ድገመው» ይሸኛል።

እውነተኛ ስሕተት እንዲህ ሾልኮ እንደሚያልፍ ታላላቆቹም አይተውታል። ማርስ ፓዝፋይንደር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ካረፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ በራሱ ጊዜ ሪሴት ማድረግ ጀመረ። ምክንያቱ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ አንድ የጋራ ቁልፍ ይዞ ሳለ፣ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ቁልፉን ሲጠብቅ መቆየቱ ነበር። ምልክቱ መንኮራኩሯ ከመላኳ በፊት በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር፤ ግን ሊደግሙት ሲሞክሩ አልደገም አለ፤ ሌላ አስቸኳይ ሥራ ቀደመው። መሐንዲሶቹን ያዳናቸው የሥራዎቹን ቅደም ተከተል የሚመዘግበውን ክፍል ከፕሮግራሙ ሳያወጡ መላካቸውና ምድር ላይ ተመሳሳይ መሣሪያ ማስቀረታቸው ነው። በምድሩ መሣሪያ ላይ ችግሩ እስኪመጣ ጠብቀው፣ መዝገቡን አንብበው፣ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ላኩ። «አንዴ ታይቶ ጠፋ» የተባለ ስሕተት አልጠፋም ነበር፤ ማርስ ድረስ አብሮ ሄዷል።

የእኛ ጠረጴዛ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም፤ ባለቤትም የለውም። ሙከራው ሲወድቅ ሶፍትዌሩ ክፍል የሃርድዌሩ ነው ይላል፤ ሃርድዌሩ ክፍል የሶፍትዌሩ ነው ይላል፤ የአብዬን ወደ እምዬ ሲባባሉ ቀኑ ይመሻል። አዲሱ ቦርድ ሲመጣ ለፕሮግራም ጻፊዎች ይታደላል፤ ለሙከራ ጠረጴዛው የሚደርሰው አንድ እግሩ የተቃጠለው፣ ማገናኛው የላላው፣ የመጀመሪያ እትም የሆነው ነው። በብሬድቦርድ ላይ በጃምፐር ሽቦ «ለጊዜው» ተብሎ ይያያዛል፤ ለጊዜው የተባለው ዓመት ይሻገራል። በር በኃይል ሲዘጋ አንዱ ሽቦ ይነቀነቃል። ያያያዘው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ደግሞ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አይተርፍም። በጀት ሲጻፍ ለቢሮ ወንበር መስመር አለው፤ ለሙከራ ጠረጴዛ መስመር የለውም።

ቦርዱ ከሙከራው ሲቀር ምን እንደሚመጣ በታሪክ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው ሮኬት የመጀመሪያ በረራዋን ጀምራ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ ፈነዳች። የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያው ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር፤ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር አልበቃ ብሎ መሣሪያው ቆመ። የአደጋው መርማሪ ቡድን ዘገባ እንደሚለው፣ በጠቅላላው የሥርዓት ሙከራ ላይ ያ መሣሪያ ራሱ አልገባም፤ በእሱ ቦታ የገባው እሱን የሚያስመስል ሶፍትዌር ነበር። እውነተኛውን መሣሪያ በአሪያን 5 የበረራ መስመር መሞከር ይቻል ነበር፤ ቢሞከር ስሕተቱ ምድር ላይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የመጠቀችው የቦይንግ መንኮራኩር ስታርላይነር ሰዓቷ 11 ሰዓት ተሳስቶ ከጠፈር ጣቢያው ሳትደርስ ተመለሰች፤ በኋላ እንደተገለጸው ሙከራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተያይዞ ሳይሆን ተቆራርጦ ነበር የተካሄደው። እነዚህ ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። በእውነተኛ መሣሪያ ላይ ረጅሙን ሙከራ ማካሄድ ውድና አድካሚ ስለሆነ የተዘለለባቸው ናቸው። እኛም በየቀኑ የምንዘልለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ሊደረግ የሚችል ነው። ቦርድ የምትነድፉ ሰዎች፣ የሪሴቱን፣ የማስነሻውን (ቡት) እና የዲበገሩን እግሮች አንድ ማገናኛ ላይ አውጡልን፤ የሴንሰሩን ኃይል ለብቻው የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ጨምሩልን። ለእናንተ ጥቂት የመዳብ መስመር ነው፤ ለእኛ የሌሊት እንቅልፍ ነው። የሲሪያል ቺፕ የምትመርጡ፣ መለያ ቁጥር ያለውን ምረጡ፤ ቁጥሩንም በየቦርዱ ለያዩት። ሙከራ የምትጽፉ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደህና መሆኑ የታወቀ ፕሮግራም በቦርዱ ላይ ጭናችሁ ጠረጴዛውን ራሱን ፈትኑት። ያ ከወደቀ ውጤቱ «ጠረጴዛው ታሟል» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ እንጂ በፕሮግራሙ ስም ቀይ አይቀባ። አለፈና ወደቀ ብቻ አይበቁም፤ «መፍረድ አልተቻለም» የሚል ሦስተኛ ውጤት ያስፈልጋል። ሙከራ ሲደገምም የመጀመሪያው ውድቀት ከነመዝገቡ ይቀመጥ፤ ድጋሚው ያለፈ ቢሆን እንኳ አይሰረዝ። በወር አንዴ እነዚያን መዝገቦች ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ይኑር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጠረጴዛው ስሙ የታወቀ ባለቤት ይሰጠው። ትርፍ ሰዓቱን የሚያበድር ሰው ሳይሆን፣ ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው። ሽቦውን በብየዳ የሚያጸና፣ ቦርዱ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር፣ ያረጀውን በጊዜው የሚለውጥ፣ ቀይ ሲመጣ ከየት እንደመጣ የመመለስ ኃላፊነት ያለበት። በጀት የምትይዙ ወገኖች፣ ደንበኛው እጅ የሚገባው መሣሪያ ልክ ይሁን አይሁን የሚነግራችሁ ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ የለም። መስመሩን በሚቀጥለው በጀት ውስጥ አስገቡት፤ ዩፒኤሱን፣ ደህናውን ሀብና መለዋወጫውን ቦርድ ከሰውዬው ደመወዝ ጋር አንድ ላይ ጻፉት።